ቆጣሪው ማነው?

ቅዳሜ ነው፤ ጥቅምት፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤
የኤድመንተን ነፋስ በመቶ አሥራ ስምንተኛው ጎዳና ወረቀት ያሯሩጣል።
ከሚሯሯጠው ግማሹ የእኛ ነው፦
ግሌንዳ ፓውሊክ፣ ወይን ጠጅ መደብ ላይ፣ ጥርሷን እንዳሳየች።

ግሌንዳ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች፣
መሪ እንደያዘች፣ በመስታወት፣ ልጅ መቆጣት ታውቃለች፤
አሁን ለከተማው ምክር ቤት ትወዳደራለች።
ፓርቲያችን «ጎረቤታሞች» ይባላል፤
ከአሥራ ሁለቱ ወንበር ሁለቱ ላይ ተቀምጧል፤
ማክሰኞ ማክሰኞ እጁን አውጥቶ ይሸነፋል።

ሥልጠናው አርባ ደቂቃ ነበር፤ ከነፒዛው።
ስለ ግብር ከጠየቁ ይህን በዪ፣ ስለ ብስክሌት መንገድ ያንን፤
ውሻ ካለ ወደ ኋላ፤
አትከራከሪ፤ ቤት ውስጥ አትግቢ፤
ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ስጪና እለፊ።

የመጀመሪያው በር ስለ ጉድጓድ አወራኝ፤
ሁለተኛው «እናቴ ተኝታለች» አለኝ፤
ሦስተኛው በር፣ በር ሆኖ ቀረ።

ሦስት መቶ አራት ቁጥር። ስማቸውን ከዝርዝሩ ሳነብ ደስ አለኝ፦
ጋሽ ወንድይፍራው። በአማርኛ ጀመርኩ፣ እንግሊዝኛው ደክሞኝ፤
«ከተቃዋሚው ፓርቲ ነው የመጣሁት...»

አልጨረስኩም።
ኮሪደሩን ወደ ግራ አዩ፤ ወደ ቀኝ አዩ፤
ክንዴን ይዘው ሳቡኝ፤ ሰንሰለቱን አስገቡ፤
ቴሌቪዥኑን አስጮኹት፣ ግድግዳ እንዳይሰማ።
ድምፅ ፍለጋ ገብቼ
ያገኘሁት ድምፅ የቴሌቪዥን ነው።

«ቤተሰቦችሽ ያውቃሉ?» አሉኝ በሹክሹክታ።
«ምን አደረጓችሁ?»

«አውቶቡሱን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ አቆሙት።
የመዋኛውን ዋጋ ሰቀሉት።
በረዶ ሲጠርጉ ከወንዙ ማዶ ይጀምራሉ፤
እኛ ጋ እስኪደርሱ ፀደይ ቀድሟቸው ይጠርገዋል።»

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤
ለካ ሳቅ ነው።
«ለአካፋ! ለአካፋ ፓርቲ ይቋቋማል?»

የመሪጌታ ልጅ ናቸው፤ ቃል ይፈታሉ።
«ተቃወመ ያልሽው እኮ፣ ሥሩ ቆመ ነው፤
ፊት ለፊት መቆም። ታዲያ እዚያ ፊት ለፊት የቆመ ሰው...»
ሪሞቱን አነሱ። ድምፁን ጨመሩ።

አንድ ጊዜ ታዛቢ ነበሩ፣ በአንድ ትምህርት ቤት፤
ኮሮጆውን ተደግፈው አደሩ፤
ሌሊት ሰዎች መጡ፤ ባትሪ ይዘዋል።
ከዚያ በኋላ የነገሩኝ ስለ ባትሪዎቹ ብቻ ነው፦
እያንዳንዱ አራት ድንጋይ እንደሚጎርስ፣
መብራታቸው ነጭ እንጂ ቢጫ እንዳልነበረ።

ከዚያም ጠየቁኝ፣ ሥልጠናው ያላሰበውን፦
«ቆጣሪው ማነው?»

ስለ ግብር መልስ ነበረኝ፤ ስለ ውሻም።
ለግሌንዳ ደወልኩ። ተረጎምኩ፦
«በእጅ ነው የሚቆጠረው። ተወዳዳሪው ሁሉ የራሱን ሰው ያስቀምጣል።
ከፈለጉ፣ እርስዎም ይቀመጡ።»

ቴሌቪዥኑን ዘጉት።
ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር መስጠት ነበረብኝ፤
ባዶውን ተውኩት።

በምርጫው ቀን ሱፍ ለብሰው መጡ፤ ግራጫ፣ ትከሻው የሰፋ፤
ስፖርት አዳራሹ ውስጥ፣ ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር፣
እርሳስ ጨብጠው ተቀመጡ።
ሻይ ቀረበላቸው፤ አልነኩትም። ሽንት ቤት እንኳ አልሄዱም።
አራት ቋሚ ሰረዝ፣ አምስተኛው አግድም፤
አራት ቋሚ፣ አምስተኛው አግድም።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ወጡ።
ግሌንዳ መኪናዋ ውስጥ አፍንጫዋን ትናፈጣለች፤
እሳቸው ግን ሙሽራ የሸኙ ይመስላሉ።
«ተሸንፈናል!» አሉኝ፤
«በአርባ አንድ ድምፅ! በዓይኔ አይቻለሁ፤
አንዷማ የእነሱ ሆና ሳለ ወደ እኛ ክምር ስትገባ
እኔው ነኝ ያስመለስኳት።»

አርባም መሆን ይችል ነበር ማለት ነው፤ ዝም አልኩ።

ግሌንዳ «ላድርሳችሁ» ብትል «እንሄዳለን» አሉ።
አውቶቡስ የለም። መንገዱ አልተጠረገም።
እሳቸው ከፊት ዱካ ያወጣሉ፣
እኔ በዱካቸው እረግጣለሁ፤
ማዞሪያው ላይ እስከ ጉልበታቸው ሰጠሙና
ምክር ቤቱን ተሳደቡ፣
አንድ በአንድ፣ ወንበር በወንበር፣
ጮክ ብለው፣
በየመስኮቱ መብራት እየበራ።